የአሮጌ ቮልስ ወለልና የመቀመጫ ማሰሪያ አጠጋገን

በዳንግላ ዙሪያ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። ከዚህም ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ከዳንግላ ከፍ ብላ የተቀመጠችው እንጅባራም ጭጋግና ብርድ አያጣትም። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር አሮጌ ቮልስ ሞተሩ ሳይደክም ወለሉ ያልቃል። መጀመሪያ ምንጣፉ ይረጥባል፤ ቀጥሎ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መቀመጫው ወደ ኋላ ዘመም ይላል።

“ሸጠህ ሌላ ግዛ” የሚለው ምክር እንደ ድሮው አይቀልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የቆመውን መኪና መጠገን የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሂሳብም ነው።

ይህ መመሪያ ወለሉን ራሳቸው ለሚጠግኑም፣ በያጅ ቀጥረው ለሚያሠሩም ባለመኪናዎች የተዘጋጀ ነው። ሥራውን ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ፣ አየሩ ሲደርቅ ይጀምሩት። መጠነኛ ልጣፍ ሁለትና ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ግማሽ ወለል መቀየር ግን ከሳምንት በላይ ሊሄድ ስለሚችል መኪናው የሚቆምበት ጣሪያ ያለው ቦታ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ወለሉ እንዴት እንደተሠራ

ቮልስ ከብዙ መኪኖች የሚለየው ወለሉ ከቦዲው ጋር በብሎን የሚያያዝ ራሱን የቻለ አካል በመሆኑ ነው። መሃል ለመሃል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ባዶ የብረት አጥንት አለ። ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ሁለት የወለል ላሜራዎች በነጥብ ብየዳ ተይዘዋል። የላሜራዎቹ የውጭ ጠርዝ ደግሞ ከበሮቹ ሥር ከሚሄደው የጎን ሳጥን ጋር በብሎን ይታሰራል፤ በሁለቱ መካከል ውኃ የሚከለክል ጎማ አለ። የጎን ሳጥኑ የቦዲው ክፍል ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርሰውም እሱ ነው።

በመሃሉ አጥንት ውስጥ የነዳጅ ቱቦ፣ የማርሽ ዘንግ፣ የፍሪሲዮን፣ የነዳጅ መስጫና የእጅ ፍሬን ገመዶች ያልፋሉ። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ደግሞ በሾፌሩ በኩል፣ አጥንቱን ተጠግቶ ወለሉን ይከተላል። ግራይንደር ከማብራትዎ በፊት እነዚህ የት የት እንዳሉ በዓይንዎ አይተው በጠመኔ ምልክት ያድርጉባቸው።

የሻንሲ ቁጥሩም ከኋላ መቀመጫ ሥር በዚሁ አጥንት ላይ ተመትቷል። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ አይፈጭም፣ አይበየድም፣ ወፍራም ቀለምም አይቀባም። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።

መኪናዎ ላንድ ሮቨር፣ ፔጆ 404 ወይም አሮጌ ኮሮላ ከሆነ የወለሉ አሠራር ይለያል። በተለይ ሻንሲ በሌላቸው መኪኖች ወለሉ ራሱ ቦዲውን ስለሚሸከም ከመቁረጥ በፊት መደገፉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀረው አካሄድ ግን ተመሳሳይ ነው።

1. ውኃው የሚገባበትን ያግኙ

የውኃው መግቢያ ሳይታወቅ የተለጠፈ ላሜራ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ተመልሶ ይበሳል። መቀመጫዎቹን፣ ምንጣፉንና ከሥሩ የተጣበቀውን ሬንጅ መሰል ንጣፍ በሙሉ ያውጡ። ወለሉን አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ከዚያ በመስተዋቱና በበሮቹ ጎማ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ጠመኔ በወፍራሙ ያስምሩ። አንድ ሰው ከውጭ ውኃ ሲያፈስ እርስዎ ውስጥ ሆነው ይመልከቱ፤ ውኃው የገባበት ቦታ ጠመኔው ታጥቦ መስመር ይተዋል።

ዝገቱ ያለበት ቦታም መነሻውን ይናገራል፦

ከፊት በግራና በቀኝ ጥግ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፊት መስተዋቱ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል።

ፔዳሎቹ አካባቢ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ከተራቆተ የፍሬን ዘይት ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ የተራቆተውን ብረት ደግሞ እርጥበቱ ይጨርሰዋል። ማስተር ሲሊንደሩ ሳይጠገን ወለሉ ላይ አይድከሙ።

በቀኝ በኩል ከኋላ መቀመጫ ሥር ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ የሚተፋው አሲድ ሥሩን ይበላል። በውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያፍሱበት፤ መፍላቱን እስኪያቆም ይድገሙት፤ ከዚያ በብዙ ውኃ አጥበው ያድርቁ። ይህ ካልተደረገ አዲሱን ላሜራም አሲዱ ከሥር ይቀጥልበታል።

የውጭው ጠርዝ ርዝመቱን ሙሉ ከተበላ በወለሉና በጎን ሳጥኑ መካከል ያለው ጎማ አልቋል፤ ጎማ የሚረጨው ጭቃ እየገባ ተኝቶበታል።

ማዳበሪያ የተጫነባቸውን መኪኖችም ልብ ይበሉ። ከከረጢቱ የፈሰሰ ዩሪያና ኤንፒኤስ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ብረት አጥፊ ጨው ይሆናል፤ በመጥረጊያ አይወጣም፣ በውኃ መታጠብ አለበት።

2. ምን ያህል እንደተበላ ይለዩ

ዓይን ያታልላል። ቀለም የያዘው ላሜራ ሙሉ ይመስላል እንጂ ውስጡ ዱቄት ሊሆን ይችላል። የካቻቪቴ ጫፍ ወይም ወፍራም ወስፌ ይዘው በየሁለትና በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ ጫን ጫን እያደረጉ ይውጉት፤ በትንሽ መዶሻም መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ይደነቁራል። ወስፌው የሰመጠበትን ሁሉ በጠመኔ ያክብቡ። በመጨረሻ የሚያገኙት ክብ መጀመሪያ በዓይንዎ ካዩት ቀዳዳ እጥፍ ቢሆን አይደንግጡ።

ከዚያ ይወስኑ። ጉዳቱ ከመዳፍ እስከ ሁለት መዳፍ የሚሆን ከሆነና ዙሪያው ጤነኛ ከሆነ ልጣፍ ይበቃዋል። የአንዱ ወገን ወለል ከሲሶ በላይ ከተበላ፣ ወይም ብሎን የሚገባበት የውጭ ጠርዝ ካለቀ፣ ግማሽ ወለሉን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይሻላል፤ አሥር ቦታ ከመለጠፍ አንዱን ወገን መቀየር ጊዜም ብረትም ይቆጥባል። የመሃሉ አጥንት ወይም የጎን ሳጥኑ ከተበላ ግን ሥራው ቦዲውን ከወለሉ ላይ ማንሳት ሊጠይቅ ስለሚችል ልምድ ላለው የቦዲ ባለሙያ ይስጡት። የዚህ ምልክቱ ክሪክ ሲያስገቡ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ወደ ላይ መስመጡ ነው።

3. ትክክለኛውን ላሜራ ይምረጡ

ለወለሉ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይግዙ። ለመቀመጫ ማሰሪያው ማጠናከሪያ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ለቮልስ ተብሎ ተጨፍልቆ የተሠራ ግማሽ ወለል ካገኙ ከሁሉ ይበልጣል፤ የመኪናው ምርት በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢያበቃም የወለል ላሜራው ዛሬም በውጭ አገር ይመረታል። በአገር ውስጥ የመጀመሪያው መጠየቂያ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ዕቃውን የሚያመጣልዎት ሰው የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመትና የጉዳቱን ፎቶ ይዞ ይሂድ። ያገለገለ ወለል ከሆነ ደግሞ ወስፌውን አይርሳ።

ሁለት ነገሮች አይሆኑም። አንደኛው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ገና እሳት ሲያገኘው ይቀዳደዳል፤ የተቀባው ዚንክም ሲቃጠል የሚያወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። ሁለተኛው ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ነው። ላሜራው ውፍረቱ ደህና ነው፤ ግን ያልታጠበ በርሜል በግራይንደር ወይም በጋዝ እሳት ሲቆረጥ ውስጡ የቀረው ተን ይፈነዳል። የበርሜል ላሜራ የግድ ከሆነ አስቀድሞ የተቆረጠና የተዘረጋውን ይግዙ።

4. እሳትን አስቀድመው ይከላከሉ

የቮልስ ነዳጅ ታንከር ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ የነዳጁ ቱቦ ደግሞ በመሃሉ አጥንት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ በአጥንቱ ጎን ሲበይዱ ከነዳጁ የሚለይዎት አንድ ላሜራ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ባትሪውን ያውጡ። የዲናሞውን ገመዶችም ይንቀሉ።

ታንከሩን አውርደው ከመኪናው አርቀው ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

በቱቦው ውስጥ የቀረውን ነዳጅ በሌላኛው ጫፍ ያፍስሱ፤ በኮምፕሬሰር አየር ይንፉት፤ ሁለቱንም ጫፍ ይድፈኑ።

የፍሬን ቱቦውን ከወለሉ ያላቁት። መነቀል ካለበት ነቅለው ጫፉን ይሸፍኑ፤ መልሰው ሲገጥሙት አየር ማውጣት አይዘንጉ።

ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ሬንጅ፣ ሙጫና የወለል ንጣፍ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቁ። እነዚህ ቀስ ብለው የሚነዱ ስለሆኑ እሳቱ የሚታየው እርስዎ ቡና ሲጠጡ ነው።

አንድ ሰው ውኃ የተሞላ ባልዲና የረጠበ ጆንያ ይዞ አጠገብዎ ይቁም። ሥራው ካበቃ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል መኪናውን ትተው አይሂዱ።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስተው ሥሩ አይግቡ። ካቫሌቶ ከሌለ ሰፊ ሆኖ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይጠቀሙ፤ ድንጋይና ብሎኬት በድንገት ይሰነጠቃሉ። ጉማጁ የሚደገፈው በአጥንቱ ጫፎች ላይ እንጂ በወለሉ ላሜራ ላይ አይደለም።

5. ከመቁረጥዎ በፊት ይለኩ፣ ይደግፉ

በሮቹን ዘግተው በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ለክተው ይጻፉ። ወለሉን ከአንድ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ይለኩ፤ በሌላውም አቅጣጫ እንዲሁ። የጎን ሳጥኑ ደካማ ከሆነ በበሩ መክፈቻ ላይ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ አንድ የብረት ቱቦ በትንሽ በትንሹ በይደው መወጠሪያ ያድርጉ፤ በኋላ ተፈጭቶ ይነሳል።

መቀመጫውን አስቀድሜ አውጥቼዋለሁ ብለው አይርሱት። መልሰው ሐዲዱ ላይ ያስገቡትና በምቾት የሚነዱበት ቦታ ላይ ያድርጉት። ሁለቱ ሐዲዶች ከፊትም ከኋላም ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ ከአጥንቱ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ከፔዳሉ ያላቸውን ርቀት ይጻፉ። ከዚያ መቀመጫውን አውጥተው ሁለቱን ሐዲዶች የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ብረት ከፊትና ከኋላ በነጥብ ብየዳ ይያዙባቸው። በኋላ ሐዲዶቹን ነቅለው ሲመልሱ ይህ ብረት ልካቸውን ይጠብቅልዎታል።

ግራውንና ቀኙን በአንድ ጊዜ አይቁረጡ። አንዱ ወገን ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

6. እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ይቁረጡ

“ሳይደፈርስ አይጠራም” ይባላል። በጠመኔ ካከበቡት ላይ ዙሪያውን ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምረው በቀጭን ዲስክ ይቁረጡ። የመቁረጫው ቅርጽ ጥግ የሌለው፣ ጠርዙ ክብ ያለ ይሁን፤ ሹል ጥግ ከመንገዱ ንዝረት ጋር መሰንጠቂያ ይሆናል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ የግራይንደሩን ሽፋን አይንቀሉ።

ግማሽ ወለሉን የሚቀይሩ ከሆነ የጠርዙን ብሎኖች ከአንድ ቀን በፊት የሚያላቅቅ ዘይት ያጠጧቸው። የማይፈታውን በቁልፍ ከመስበር ራሱን ፈጭቶ ማውጣት ይሻላል። በአጥንቱ በኩል ያሉትን የፋብሪካ ብየዳ ነጥቦች በሽቦ ብሩሽ ሲያጸዱ ትናንሽ ክብ ጎድጓዳ ሆነው ይታያሉ። በድሪል የላይኛውን ላሜራ ብቻ ይብሱና በቀጭን መሮ ያላቁት፤ የአጥንቱን ጠርዝ አይጉዱ፣ አዲሱ ወለል የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው።

የተራቆተውን ጠርዝ በሙሉ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱ። ከቁርጡ አጠገብ ነቁጥ ነቁጥ ያለበት ጥቁር ዝገት ከቀረ ገና አልጨረሱም ማለት ነው።

7. ልጣፉን በካርቶን ይሥሩ፣ በላሜራ ይድገሙ

የቀዳዳውን ቅርጽ መጀመሪያ በካርቶን ያውጡ። ካርቶኑን ወለሉ ላይ አጥፈው፣ ቆርጠው፣ እስኪቀመጥ ድረስ ያስተካክሉ፤ ከዚያ ላሜራው ላይ አስቀምጠው ይሳሉት። ፋብሪካው ወለሉ ላይ የጨፈለቃቸው ጉብታዎች ለጌጥ አይደሉም፤ ላሜራው እንዳይርገበገብ ያጠነክሩታል። ልጣፍዎ ሰፋ ያለ ከሆነ በሁለት የማዕዘን ብረት መካከል አስገብተው በመዶሻ ቀስ እያሉ ተመሳሳይ ጉብታ ያውጡለት።

ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለ። ጠርዝ ለጠርዝ የሚገጥመው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይፈልጋል፤ ለሚግ ብየዳ ጥሩ ነው። ተደራርቦ የሚገጥመው ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይደራረባል፤ ለኤሌክትሮድ ብየዳ ይቀላል። የሚደራረበውን ሁለቱንም ፊት ከመግጠምዎ በፊት ሙቀት በሚችል የዚንክ ቀለም ይቀቡ፤ በኋላ እጅዎ የማይደርስበት ቦታ እሱ ነው።

8. በነጥብ ይያዙ፣ በትዕግሥት ይሙሉ

በዳንግላም በእንጅባራም በርና መስኮት የሚሠሩ ጎበዝ በያጆች አሉ። ነገር ግን የበር ብረት የለመደ እጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል። በያጁ አስቀድሞ በቁራጭ ላሜራ ይሞክር። ሙከራውን ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ ያጥፉት፤ ብየዳው ከተላጠ አልገባም፤ ላሜራው ራሱ ከብየዳው አጠገብ ከታጠፈ ልኩን አግኝቷል።

ሚግ ማሽን ካለ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይምረጡ። ያለው የኤሌክትሮድ ማሽን ብቻ ከሆነ 6013 የሚል ቁጥር ያለውን ባለ 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ40 እና በ55 አምፒር መካከል ይሞክሩ። ማሽኑ ዲሲ ከሆነ የኤሌክትሮድ መያዣውን ወደ ኔጋቲቭ ያዙሩት፤ ሙቀቱ ላሜራውን እንዳይበሳ ያግዛል። ከጀርባው ወፍራም የመዳብ ቁራጭ መያዝም ቀዳዳ እንዳይከፈት ይረዳል። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ሰዓት ይሽሹ፤ አምፒሩ በተወዛወዘ ቁጥር ብየዳው አንድ ቦታ ይበሳል፣ ሌላ ቦታ ላዩ ላይ ብቻ ይቀመጣል።

በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ነጥብ ይጣሉ፤ አንዱን እዚህ፣ ቀጣዩን በተቃራኒው በኩል። ዙሪያው ተይዞ ሲያልቅ በር ይዝጉና የጻፉትን ክፍተት እንደገና ይለኩ። ከተለወጠ አሁን ማቃናት ይቻላል፤ በኋላ አይቻልም። ልክ ከሆነ በነጥቦቹ መካከል ሌላ ነጥብ፣ በእነዚያም መካከል ሌላ እየጣሉ መስመሩን ይሙሉ። ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ መሳብ ላሜራውን ያጣምመዋል። ላሜራው ለእጅ የማይቻል ሲሆን ቆም ይበሉ፤ ውኃ አያፍሱበት።

ሲጨርሱ አንድ ሰው ከሥር በባትሪ መብራት ያብራ፤ እርስዎ ከላይ ጨለማ አድርገው ይመልከቱ። ብርሃን ያሳለፈ ሁሉ ውኃም ያሳልፋል።

9. የመቀመጫ ማሰሪያ

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ስሕተት የማይፈቀድበት ቦታ ይህ ነው። የአዊ ፈረሰኛ የኮርቻው ማሰሪያ መጥበቁን ሳያይ አይወጣም፤ የመኪና መቀመጫም ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በዚያው ልክ ታምኖ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 17 መሠረት መቀመጫና ማሰሪያው ከራሱ ክብደት 20 እጥፍ የሚሆን ጉልበት መቻል አለባቸው። 15 ኪሎ የሚመዝን መቀመጫ በግጭት ጊዜ 300 ኪሎ ሆኖ ይጎትታል ማለት ነው፤ የተቀመጠውን ሰው ሳይጨምር። ከኋላ የሚጫነው ተሳፋሪ ደግሞ በዚያ ላይ ይመጣል።

እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ሞዴል ያሉ ቮልሶች እያንዳንዱ የፊት መቀመጫ በሁለት ሐዲዶች ላይ ይንሸራተታል። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ማሰሪያው በሦስት ነጥብ የሚይዝ ሆኗል። ወለል ሲገዙ የመኪናዎን ዓመት መናገር ያለብዎት ለዚህ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ሐዲዱን ከአሮጌው ወለል ሲያወጡ የብየዳ ነጥቦቹን በድሪል ይብሱ እንጂ በመሮ እየደበደቡ አይገንጥሉ፤ ከተጣመመ መቀመጫው ይነክሳል ወይም ይለቃል። የሐዲዱን ከንፈር በጣትዎ ይዳስሱ። ሳስቶ ከተሳለ፣ ወይም መቀመጫውን የሚያቆመው ጥርስ ካለቀ፣ ሐዲዱ መቀየር አለበት።

አዲሱ ወለል ከተበየደ በኋላ ሐዲዶቹን በጠፍጣፋው ብረት እንደተያያዙ ይመልሱ፤ ልኩን ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። በሐዲዱ እግር ላይ በየ3 እና 4 ሴንቲ ሜትሩ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሰው ቀዳዳዎቹን በብየዳ ይሙሏቸው። ብየዳው ከመጠናቀቁ በፊት፣ በነጥብ ተይዞ ሳለ፣ መቀመጫውን አስገብተው ከፊት እስከ ኋላ ያንሸራቱት። ከያዘ ነጥቦቹን ቆርጦ ማስተካከል ገና ቀላል ነው።

የልጣፉ የብየዳ መስመር በሐዲዱ ሥር እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ያቅዱ። የግድ ካለፈ ከሥር በኩል ሐዲዱንም መስመሩንም የሚሸፍን 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይደረባል።

ብዙ ሰው የኮሮላ ወይም የሌላ መኪና መቀመጫ ያስገባል። ይህ ሲሆን ለውድድር መኪኖች ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ያወጣውን ልክ ይከተሉ፦ መቀመጫው ቢያንስ በአራት ቦታ ይታሰራል፤ ብሎኑ ከ8 ሚሊ ሜትር አያንስም፤ በእያንዳንዱ ብሎን ሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ቢያንስ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብረት ይቀመጣል። 7 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይህን ያሟላል። ጥጎቹን ያክቡ። ብሎኑ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ይኑረው፤ ዳዶው የማይፈታ ዓይነት ይሁን። ትንሽ ሮንዴላ ብቻ አድርገው ቢያስሩት ብሎኑ በግጭት ጊዜ ሮንዴላውን ይዞ በላሜራው ውስጥ ያልፋል።

የደህንነት ቀበቶ ብሎኖች የራሳቸው ጥርስ አላቸው፤ በኢንች የተለካ፣ ሰባት አሥራ ስድስተኛ ነው። ሌላ ብሎን በጉልበት አይግጠሙበት፤ አሮጌውን አጽድተው ይመልሱት ወይም ያንኑ ዓይነት ይፈልጉ።

10. ያሽጉ፣ ይቅቡ

ብየዳውን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ የኤሌክትሮድ ቅርፊት ከሥሩ እርጥበት ስለሚይዝ አንድም አይቅር። ሁለት ዙር አንቲረስት ከላይም ከሥርም ይቀቡ። በእንጅባራ ጠዋት ብረት ላይ የማይታይ ጠል አለ፤ ቀለሙን ፀሐይ ብረቱን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀቡት። አንቲረስቱ ሲደርቅ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ በሲላንት ያሽጉ፤ ስቱኮ ለዚህ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከሥር የሬንጅ ሽፋን ይምጣ። በወለሉና በጎን ሳጥኑ መካከል አዲስ ጎማ ይግባ፤ ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው ይታሰሩ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሥር መቀባት የቆየ ልማድ ነው። አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማዎቹን ያሳብጣል፣ በላዩም ሌላ ቀለም አይይዝም። ይተውት።

ባትሪውን ሲመልሱ ላዩን በጎማ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ይሸፍኑት። ከኋላ ሰው ሲበዛ የመቀመጫው ሽቦ ተጭኖ የባትሪውን ራስ ሊነካ ይችላል፤ ሽቦው ሲግል መቀመጫው ውስጥ ያለው ሙሊት ይነዳል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው እንዲህ ነው።

11. ይፈትሹ

ምንጣፉን ሳይመልሱ መኪናውን በውኃ ያጥቡት፤ ከውስጥ ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ። መቀመጫው ላይ ከባድ ሰው ያስቀምጡና ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን በኃይል ይወዝውዙት፤ ሌላ ሰው ሥሩ ሆኖ ላሜራው ይተነፍስ እንደሆነ ይመልከት። ላሜራው ከረገበ ማጠናከሪያው አልበቃም። ከዚያ ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም በዝግታ ደርሰው ይመለሱ፤ መንገዱ ባዶ በሆነበት ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ጠንከር አድርገው ይያዙ። ሲመለሱ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፤ የሐዲዱ ብየዳ ዙሪያ ያለው ቀለም መሰንጠቁን ይዩ። ቀለም ከተሰነጠቀ ሥሩ ያለው ብረት ተንቀሳቅሷል። ይህን ሁሉ ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ከመሄድዎ በፊት ይጨርሱት።

ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጨረሻና ከመስቀል በኋላ፣ ምንጣፉን አንስተው ወለሉን ይዩ፤ ከሥር የተጋገረውን ጭቃ አጥበው ያውርዱ።

ሥራውን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሦስት ነገር ይስማሙ፦ የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ይወጣል እንጂ በላዩ አይለጠፍም፤ የተቆረጠው ብረት አይጣልም፣ እርስዎ ያዩታል፤ ብየዳው እርስዎ ከላይም ከሥርም ሳያዩት ሬንጅ አይነካውም። በመጨረሻው ነጥብ የሚያንገራግር በያጅ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ወደ ሌላ ይሂዱ።